ባለማተቧ እና የግንቦት ልደታ ጽዋ

ከሙሉመቤት ቦርሳ እባብ ወጣ ተብሎ አብነት ሰፈር የተወራው ውሸት ነው። የወጣው ቆዳው ብቻ ነው። ግን ማን ይሰማል! ወሬ እንደሆነ እግር አለው፤ ከአቶ ነጋ ሳሎን ተነስቶ ፍርድ ቤት ደጃፍ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲደርስ፣ እባቡ ሁለት ራስ አብቅሎ በሟች እናቷ ድምፅ ይጣራ ነበር አሉ። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚያዝያ ልደታ ዕለት የጽዋ ማህበሩ የተሰበሰበው አቶ ነጋ ቤት ነበር። አቶ ነጋ የማህበሩ ሙሴ ናቸው፤ መሪያችን እንደማለት። ጡረታ ሳይወጡ የንብረት ክፍል ኃላፊ ስለነበሩ፣ የሸክላውን ጽዋም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያስረክቡት እንደ መንግሥት ዕቃ አገላብጠው አይተው ነው። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ሙሉመቤት ነበረች። የሚቀጥለው ወር ደግሞ ግንቦት ነው። ልደታ በየወሩ ትውላለች፤ የግንቦቷ ግን የበኩር ልጅ ናት። ያቺ ተራ ማህበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የሙሉመቤት እናት የወይዘሮ የሻረግ ነበረች። ወይዘሮ የሻረግ ባለፈው ክረምት ሲያርፉ ለአንድ ልጃቸው የተናዘዙት ስለ ቤት አልነበረም፣ ስለ ወርቅም አልነበረም። «የግንቦቷን እንዳታስቀሪብኝ» ነበር ያሉት። ሙሉመቤትም «እሺ እማዬ» አለች። ለሞተ ሰው እሺ ካሉ በኋላ ማፈግፈግ የለም።

አቶ ነጋ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ አንስተው «ተረከቢ» አሉ። ሙሉመቤት ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ ስትል ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ከቦርሳው የካርቶን ቱቦ ወደቀ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ፣ ከቱቦው ውስጥ ደግሞ ረጅም፣ ስስ፣ የሚንሿሿ የእባብ ቆዳ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ።

«በስመ አብ! መተት! መተት ይዛ ገባች!»

ይህን ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። ጉልበቴን ያመኛል ብለው ቤተ ክርስቲያን ወንበር የሚያዝላቸው ሴትዮ ሶፋው ላይ ዘለው ወጡ!

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበልና ቆዳው ቦርሳዋ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። ሙሉመቤት የምትሠራው እባብ ቤት ነው። ከሰንጋ ተራ ወዲያ ባለ አንድ የጥናት ግቢ ጓሮ፣ ከቆላ የመጡ መርዛም እባቦች በመስታወት ሣጥን ይቀመጣሉ። ትመግባቸዋለች፣ ሣጥናቸውን ታጸዳለች፣ ቀኑ ሲደርስ አንገታቸውን ይዛ መርዛቸውን ታልባለች። መርዙ ማርከሻ ለማግኘት ወደሚደክሙ ተመራማሪዎች ይሄዳል። ቆላ ወርዶ ሸንኮራ ሲቆርጥ የተነደፈ ጎልማሳ ቢተርፍ የሚተርፈው በዚያው መርዝ በተሠራ መድኃኒት ነው። አየር መንገድ የሚሠሩ የሰፈሩ ልጆች ይከበራሉ፤ እሷን ግን «የእባቧ» ነው የሚሏት።

ከእባቦቹ ሁሉ የምትወዳት አንዲት ኮብራ ናት። ቀይ ናት፣ እንደ አዲስ ጡብ ቀይ። አንገቷ ላይ ብቻ ጥቁር ቀለበት ዞሯል። ይህች ኮብራ መንደፍ ብቻ አይደለም፣ ትተፋለች። ስትቆጣ ከመሬት ቀና ትልና አንገቷን እንደ ጭልፋ ዘርግታ፣ መርዟን ሁለት ሰው ቁመት ያህል አርቃ ትረጫለች። የምታነጣጥረውም ዓይን ላይ ነው። ቀን ቀን ድንጋይዋ ሥር ተጠቅልላ ትውላለች፤ ሲመሽ ነው ለአደን የምትወጣው፤ እንቁራሪት ስታይ እንደ ሙሽራ ትጣደፋለች። ወይዘሮ የሻረግ አንድ ቀን ልጃቸው የት እንደምትውል ልይ ብለው መጡና መስታወቱ ፊት ቆመው ብዙ ካዩዋት በኋላ «ይቺን ደግሞ ማተብ ያሰረላት ማን ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ባለማተቧ ሆነ።

ያን ዕለት ጠዋት ባለማተቧ ቆዳዋን ጣለች። ሰሞኑን ዓይኗ ወተት የገባበት መስሎ ደፍርሶ ነበር፤ እባብ ሊገፈፍ ሲል እንዲህ ነው፣ እንደልቡ ስለማያይ ቁጡ ይሆናል። ከዚያ ከንፈሯን ድንጋይ ላይ ፈተገችና አሮጌውን ከአፏ ጀምራ እንደ ካልሲ ገልብጣ አወለቀችው። አንድም ቦታ አልተቀደደም። የዓይኗ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ወጥቷል። እንዲህ ሙሉ የሆነ ስለማይገኝ ሙሉመቤት ግድግዳ ላይ ልታሰቅለው ፈለገች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትጠርገው ብላ ቦርሳዋ ከተተችውና ሰዓት ስለረፈደባት በቀጥታ ወደ ጽዋው መጣች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ይውረዱ፣ ባዶ ቆዳ ነው» አለች።

«የእባብ ቆዳ ለምን እንደሚያዝ የማላውቅ መሰለሽ? ጠንቋይ ቤት የሚንጠለጠለውን ነገር የእመቤቴ ጽዋ ፊት?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሌሎቹም እግራቸውን ሰበሰቡ። አቶ ነጋ የዘረጉትን ጽዋ ወደ ደረታቸው መለሱት።

«ልጄ፣ ለጊዜው ይቆይ» አሉ።

«ምኑ ነው የሚቆየው?»

«ተራሽ ነዋ። ይሄን ሥራ ተይና ጠበል ተጠመቂ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ሔዋንን ያሳተ አውሬ እየቀለበች የልደታን ጽዋ ልትይዝ!» አሉ እትዬ አስካለ ከሶፋው ላይ። «ግንቦትን እኔ እይዘዋለሁ። ምን ገዶኝ!»

አዎ፣ ምን ገዷቸው! የእትዬ አስካለ ተራ ታኅሣሥ ናት፤ ጾሙ ውስጥ፣ ብርዱ ላይ። ግንቦትን ሲመኟት ስንት ዓመታቸው። ወይዘሮ የሻረግ በሕይወት ሳሉ ግን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ሙሉመቤት ተንበርክካ ቆዳውን ለቀመች። ስትነሳ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። «አቶ ነጋ፣ እርስዎ ሙሴያችን ነዎት» አለች። «የጥንቱ ሙሴ በምድረ በዳ በእባብ የተነደፈውን ሕዝብ ያዳነው የናስ እባብ ሰቅሎ ነው። የእኛው ሙሴ ከቆዳው ይሸሻል?»

አቶ ነጋ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሰው ፊት እንዲህ ተብለው አያውቁም። ጽዋውን ለእትዬ አስካለ ሰጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ወር አይነሳ። ሰላምታ የሚሰጧት ሰዎች ከሩቅ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የማህበርተኛ ልጅ ቦርሳዋን አይታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። አጽናኞቿ ደግሞ የባሱ ናቸው። «ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም» ይሏታል። ኧረ ወዲያ! ዝም ያለችው ነገር ሁሉ ነቅዞ ነቅዞ ሆዷ ውስጥ ዱቄት ሆኗል።

አቶ ነጋ ቤት ለብቻዋ ሄዳ ለመነች፤ እሱንም ለእናቷ ስትል ነው። «ሥራውን ተዪውና ነገሩ ዛሬውኑ ያልቃል፤ ምን ከባድ ነገር አለው?» አሏት። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማህበሩ እንዳይበተንባቸው ነው የፈሩት። ሙሉመቤት ግን ባለማተቧን ልትተው አትችልም። እናቷ ስም ያወጡላትን ፍጡር ጥላ በእናቷ ስም ልትደግስ? ይሄማ ሟቿን ሁለት ጊዜ መቅበር ነው። «አልተወውም» ብላ ተነስታ ወጣች።

እንደ ድሮዋ የሆነችው ሀያት ብቻ ናት። የሀያት ሱቅ ከሙሉመቤት በር ፊት ለፊት ነው፤ አብረው ነው ያደጉት። «ሙሌ፣ አይጥ ሱቄን ሊወርሰኝ ነው፣ ካንዷ እባብሽ ጋር አታስተዋውቂኝም?» ትላታለች።

«ትተፋብሻለች።»

«ዋጋ ቀንሺ እያለ የሚያደርቀኝ ላይ ትትፋልኛ!» ብላ ሳቀችና ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «የምርሽን፣ ለግንቦት ምን ልታደርጊ ነው?»

«እደግሳለሁ።»

«ጽዋው ሳይኖር?»

«ጽዋው ባይኖርም። በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ የመጣ ይመጣል። የእማዬ ግንቦት አይቀርም።»

«ስንዴና ባቄላውን እኔ እለቅመዋለሁ» አለች ሀያት። «እናትሽ የኔን ሠርግ ዶሮ ሙሉ ሌሊት ሲገነጥሉ ያደሩ ሴት ናቸው። ወንበርም ከኔ ነው። ማን ይናገረኛል!»

ግንቦት ልደታ ነጋ። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ድፎው ተጋግሯል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ሙሉመቤት ግን በጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ወደ እባብ ቤት ነበር። እንቁላሎቹ ቀናቸው ደርሷል። ባለማተቧ በየካቲት ማብቂያ እንቁላል ጥላለች፤ እንደ ዶሮ አትታቀፍም፣ ዞራም አታይም፣ ጣለች ሄደች በቃ። ሙሉመቤት አንዱንም ሳታገላብጥ፣ ምክንያቱም ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል፣ እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ አድርጋ ከአምፖል ሥር ስትጠብቃቸው ከረመች። የአዲስ አበባ ብርድ ለቆላ ልጅ አይሆንማ።

መነጽሯን አድርጋ ክዳኑን አነሳች። አንዱ እንቁላል ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ እርሳስ የማታክል ራስ ብቅ ብላለች። ቅርፊቱን የቀደደችባት ትንሽ ጥርስ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አለች፤ እሷም ሰሞኑን ትወልቃለች። ሙሉመቤት ጠጋ ስትል ትንሿ አየቻት። ገላዋ ገና እንቁላል ውስጥ ነው፣ ቆዳዋ ገና አልደረቀም። ይቺ ምናምኒት ቀና አለችና አንገቷን ዘርግታ ቆመች! ጥቁር ማተቧ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ኧረ በሕግ! ገና ሳትወለጂ ማን ላይ ነው የምትፎክሪው?» አለች ሙሉመቤት። ሳቀች። ከዚያ መነጽሯ ውስጥ እንባ ሞላ። እናት አጠገቧ የለችም፣ ያስተማራት የለም፣ መርዟ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የራሷ ነው። ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አይቀማትም።

«እኔስ?» አለች ሙሉመቤት ጮክ ብላ። «እኔ በሬን ከፍቼ እስኪመጡልኝ ልቀመጥ? ምን አጥፍቼ!»

ቤቷ ስትደርስ ልብሷን ለወጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቦርሳዋን ከነቱቦው በትከሻዋ አንጠለጠለች፣ ድፎውን ከነኮባው በሁለት እጇ ታቀፈች። ሀያት ከሱቋ ብቅ ብላ «ወዴት ነው?» ብትላት «ተራዬን ላመጣ» አለቻት። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ዳቦ ያዋሳት ግን ማንም አልነበረም፣ የራሷ ነው።

የእትዬ አስካለ ቤት ጥቂት በር አለፍ ብሎ ነው። ማህበርተኛው ሳሎኑን ሞልቶ በረንዳው ላይ ተርፏል። ጽዋው መሐል ላይ፣ ዳቦው ተደርድሮ፣ ጠላው በጆግ ተቀድቶ፣ ሁሉም የሚጠብቀው መምሬ ፍሰሐን ነው። ሙሉመቤት ገባች። ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪ አላላትም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

መምሬ ፍሰሐ ቅዳሴ ቀድሰው መምጣታቸው ነበርና ረሃቡ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ጸሎቱን አደረሱ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ። ቂም ይዞ ከጽዋ መጠጣት ክልክል ነውና፣ ካህኑ ዳቦውን ከመባረካቸው በፊት ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም።

«በመካከላችሁ የተጣላ አለ?»

«የለም፣ አባታችን» አሉ እትዬ አስካለ ከሁሉ ቀድመው። ሌላውም እንደልማዱ «የለም» እያለ አጉረመረመ።

«አለ!» አለች ሙሉመቤት።

ራሶች ሁሉ ዞሩ።

«ማን ነው?» አሉ መምሬ።

«እኔ ነኝ፣ አባ። የየሻረግ ልጅ።»

«ከማን ጋር ተጣላሽ?»

«ከማህበሩ ጋር።»

«ከሙሉ ማህበሩ?»

«ከሙሉው ጋር። የእናቴን ግንቦት ወስደውብኛል። ካልመለሱልኝ ይቅር አልልም፤ ውሸት ተናግሬም አላስጠጣም።»

መምሬ ፍሰሐ ዳቦውን አዩት። ዳቦው ትኩስ ነበር። በረጅሙ ተንፍሰው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ተቀመጡ። «እንግዲህ ታረቁ። እኔ እጠብቃለሁ።»

የጠላው አረፋ ከሰመ። ሕፃናት ወደ ንፍሮው እጃቸውን ሲልኩ እየተመቱ ይመለሳሉ። ማህበርተኛው እርስ በርሱ ይንሾካሾካል፤ የአንዳንዱ ሆድ ከአፉ በላይ ይሰማል። በመጨረሻ አቶ ነጋ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ ዛሬ በዓል ነው። ሥራውን እተዋለሁ በይና ይለቅ።»

«አልልም።»

«እሺ፣ ያንን ቆዳ አቃጥይው።»

«እሱንም አላቃጥልም። እማዬ ስም ያወጣችላት እባብ ቆዳ ነው።»

ይህን ብላ ዳቦውን አስቀመጠችና ቦርሳዋን ከፈተች። ወይ ግርግር! ከበር አጠገብ የነበሩት በረንዳው ላይ፣ በረንዳው ላይ የነበሩት አጥር ሥር ተገኙ። ሙሉመቤት ቆዳውን በሁለት መዳፏ ዘርግታ መምሬ ፍሰሐ ፊት ቆመች።

«ይንኩት፣ አባ። መተት ከሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

መምሬ ብዙ አዩት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው አሹት። «የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል እኮ» አሉ። «ይሄ አንገቱ ላይ የጠቆረው ምንድነው?»

«ማተቧ ነው። ስሟም ባለማተቧ ነው። እናቴ ናት ያወጣችላት።»

መምሬ ፍሰሐ ዓይናቸውን ወደ ወጣቶቹ ባዶ አንገት ወረወሩ። «እባብ ያሰረችውን እናንተ ፈታችሁት!» ሲሉ ከበረንዳው ሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት ፈራ ተባ እያለች መጥታ ነካችው። ከዚያ ልጇ። ከዚያ ሰው ተሰለፈ።

አቶ ነጋ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«በእጅዎ ነው፣ አቶ ነጋ» አለች ሙሉመቤት።

ሽማግሌው ጣታቸውን ላኩ፣ መለሱ፣ እንደገና ላኩ። «ደረቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ እርጥብ ይመስለኝ ነበር።» ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ሳልነካው ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፤ ድምጿ ግን ገና አልለዘበም።

«እኔ አልነካም! ብሞት አልነካም!» አሉ እትዬ አስካለ ከጓዳ በር።

«አይንኩት፣ እትዬ። ተራዬን ብቻ አይንኩብኝ።»

አቶ ነጋ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ግንቦት የየሻረግ ናት። ጽዋውን አንሱ፣ ወደዚያ ቤት እንሄዳለን።»

«ዳቦዬስ? ጠላዬስ?» እትዬ አስካለ ለቅሶ ቃጣቸው።

«ይምጣ እንጂ!» አሉ መምሬ ፍሰሐ ቀድመው እየተነሱ። «እርቁ ወርዷል፣ እኔም ርቦኛል። ታኅሣሥ ሲደርስ አንቺ ጋ ደግሞ እንመጣለን።»

ማህበሩ እንዳለ ወጣ። ጆግ የያዘ፣ ሰፌድ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ከፊት መምሬ፣ ከኋላ በቁጣ የሚራመዱት እትዬ አስካለ፤ ጉልበታቸው ደህና ነው። ሀያት ከሱቋ ወጥታ «ውይ ውይ፣ ሰልፍ ነው እንዴ!» አለችና ወንበሮቹን እየጎተተች ወደ ደጁ ሮጠች።

የወይዘሮ የሻረግ ደጃፍ ሲደርሱ አቶ ነጋ ሁሉንም አስቆሙ። ሥርዓት ሥርዓት ነውና ጨርቁን ገልጠው ጽዋውን አገላብጠው አዩት፣ መልሰው ሸፈኑት፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

«ተረከቢ።»

ሙሉመቤት ተቀበለች። የሚተፋ ኮብራ አንገት ይዞ ንቅንቅ የማይለው እጇ አሁን ጽዋውን ከጨርቁ ጋር ያንቀጠቅጠዋል፤ ሁሉም አየ።

«እባብ የማትፈሪው ልጅ ይሄን ፈራሽ?» አሉ አቶ ነጋ።

«ይሄኛው ይሰበራላ፣ አቶ ነጋ» አለችና ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ገባች።